ጉንፋኑ ለቋቸው ነበር

የበግ ሳምባ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ያወቅኩት በልጅነቴ ነው። የፋሲካው በግ ሲታረድ ሳምባው ለድመት ነበር የሚሰጠው። ከድመቷ በፊት ግን እኛ ልጆቹ እንሻማው ነበር። በመተንፈሻ ቧንቧው እየነፋን እናሳብጠዋለን። አፋችንን ስናነሳ ፉስስ ብሎ ይኮማተራል። አንድ ዓመት የአጎቴ ልጅ ሳፋ ውስጥ ወረወረው። እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። እናቴ መጥታ ሁላችንንም በጆሯችን ጎትታ አባረረችን። ለካ ውሃው ከቦኖ የተቀዳ የመጠጥ ውሃ ነበር።

የሚሰምጥ ሳምባ ያየሁት ቆይቶ ነው፤ የእንስሳት ጤና ስማር። አስተማሪያችን ቄራ ይዘውን ሄዱ። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምባ አስቀመጡ። አንደኛው ሮዝ ነው፣ ሲጫኑት ስፖንጅ ነው። ሌላው ከፊሉ ጠቁሮና ጠጥሮ ጉበት መስሏል። ከሁለቱም አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ቆረጡና ባልዲ ውስጥ ጣሉ። የጤነኛው ተንሳፈፈ። የታመመው ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ሳምባ ምች ማለት ይኸው ነው» አሉ። «አየር የነበረበት ቦታ ሌላ ነገር ገባበት።»

ያቺ ቁራጭ ከስንት ዓመት በኋላ ባለፈው ኅዳር ትዝ አለችኝ። ለዚያውም ዘግይታ።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስልሳቸውን ካለፉ ቆይተዋል። ሥራቸው አሳ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ጣና ዳር ይወርዳሉ። ጀልባዎቹ ሲመጡ ተከራክረው ይገዛሉ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዘጋጃሉ። ቆሮሶ ከሆነ ቅርፊቱን ይፍቃሉ። አምባዛ ከሆነ ቆዳውን ይገፍፋሉ። ቢላቸው ከመሞረድ ብዛት ቀጥኖ ወረንጦ ሊያክል ምንም አልቀረው። ፔሊካኖቹ ደግሞ አንጀት ይወረወርልን ብለው ከፊታቸው ውሃው ላይ ይኮለኮላሉ። አንዱን እትዬ «ሊቀ መንበር» ይሉታል። ሌሎቹን ገፍቶ ነው የሚበላው።

ኅዳር 12 ቀን እንደ ወትሮው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያወጣ አቃጠለ። ኅዳር ሲታጠን። እትዬም ደጃፋቸውን ጠርገው፣ የበቆሎ አገዳና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምረው ለኮሱ። «በሽታ ይውጣ፣ ጤና ይግባ» አሉ። በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ ዋሉ።

ጭሱ አመጣው ማለቴ አይደለም። ያመጣችው የኔ ልጅ ሳትሆን አትቀርም። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት አፍንጫዋ እየፈሰሰ መጥታ የእትዬ ጭን ላይ ስትተኛ ነበር የሰነበተችው። እሷ በሦስት ቀን ተሽሏት ገመድ ስትዘል እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አጥንቴን ሰበረኝ» አሉኝ።

«ጉንፋን ነው እትዬ። ይለቃል።»

ይህን ያልኩት እንደ ተማረ ሰው ሆኜ ነው። ችግሩ ከቃሉም ይጀምራል። አፍንጫ የሚያዘንበውም ጉንፋን ነው፤ ሰው አልጋ ላይ የሚጥለውም ጉንፋን ነው። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለውን በሌላ ስም የምንጠራበት ልማድ የለንም። ስሙ ቀላል ስለሆነ በሽታውም ቀላል ይመስለናል።

ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አመጣችላቸው። ጤና አዳም መጣ፣ ዝንጅብል ተወቀጠ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ በእንፋሎቱ ታጠኑ። ዘመናዊው እኔ ደግሞ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ማዘዣ ያለኝ ሰው የለም። እዚህ ጋ ልናዘዝ። የዚህ ዓይነቱ ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣ፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ አሳምሬ አውቃለሁ። ለላም ቢሆን አላደርገውም ነበር። ለእትዬ ግን ባዶ እጄን መግባት አልሆነልኝም።

ኅዳር 19 ተነሱ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ሽሮ ቀመሱ፣ የልጄን ፀጉር ሠሩ። የነቢያት ጾም ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። በዚህ ጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ቤታችንን ለሁለት ይከፍለዋል። እትዬ አይበሉም፣ ይሸጣሉ ግን። ገበያው የሚደራበት ሰሞን ስለሆነ መተኛቱ አንገብግቧቸዋል። የቀረውን ኪኒን ዕጣን ከሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ አጠገብ ወሸቁት።

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ናት። ሌሊቱን ሄደው አስቀደሱ። ከሰዓት ደግሞ «ሊቀ መንበር ናፈቀኝ» ብለው ሐይቁ ዳር ወረዱ። እኔም «በርቱ!» አልኳቸው።

የዚያኑ ዕለት ማታ አልጋው እስኪንቋቋ ተንቀጠቀጡ። ቀኝ ጎናቸውን እንደ ጦር ወጋቸው። የሚተፉት አክታ የዛገ ቆርቆሮ ያጠበ ውሃ ይመስላል። ትንፋሻቸውን ልቆጥር ሞከርኩ። ፍጥነቱ የሮጠ በግ ትንፋሽ ነው። በባጃጅ ይዘናቸው በረርን።

ተረኛው ሐኪም ልጅ እግር ነው። ጀርባቸውን አዳመጠ፣ ኦክስጅን አስገጠመላቸው፣ ራጅ አዘዘ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ጉንፋኑ ከያዛቸው ስንት ቀን ሆነ?»

«ሰባት። ግን ለቋቸው ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱማ ነው» አለ። «ከለቀቀ በኋላ ነው የሚመጣው።»

ራጁን መብራት ላይ ሰቀለው። ጥቁር መሆን የነበረበት የቀኝ ሳምባቸው ታች በኩል ነጭ ደመና ለብሷል። የባልዲዋ ቁራጭ ያን ጊዜ ነው የመጣችብኝ።

ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ፣ በስልኬ ሳነብ አደርኩ። ከትምህርት ቤት የማውቀው ነበር፤ የማላውቀውም ብዙ ነበር። የሳምባን ነገር በዝርዝር ያስተማሩን አይጦች ናቸው። የታመመ ሰው ሳምባ በየቀኑ ተከፍቶ አይታይም። የአይጥ ግን ይታያል።

ላብራቶሪ ውስጥ ያለች አይጥ ሃያ ግራም ገደማ ትመዝናለች። በማደንዘዣ ታስተኛለች፤ አፍንጫዋ ላይ ቫይረሱ ያለበት ጠብታ ይደረጋል፤ በእንቅልፏ ትስበዋለች። ብዙ ላብራቶሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ቫይረስ በፈረንጆቹ 1934 ከፖርቶ ሪኮ ታማሚ የተገኘ ነው። ፒአር ስምንት ይሉታል። ሰውዬው ማን እንደነበረ ማንም አያነሳም፤ ቫይረሱ ግን ዘጠና ዓመት ሙሉ ከአይጥ ወደ አይጥ ሲዞር ኖሯል። ከዚያ በኋላ አይጧ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ትወጣለች። የበሽታው ማስታወሻ በዋናነት ይኸው ክብደቷ ነው። አታስነጥስም። እንደኛ ትኩሳትም የላትም፤ ሲብስባት እንዲያውም ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ፀጉሯ ይቆማል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ክብደቷ በሩብ ያህል ከቀነሰ በብዙ ቦታ ሥቃይዋን ለማሳጠር ይገድሏታል።

ኮሪደሩ ላይ ያስደነገጠኝ የቀኖቹ ነገር ነው። ቫይረሱ በአይጧ ሳምባ ውስጥ ጣራ የሚነካው በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ነው። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። አይጧ ግን በጣም የምትከሳው በሰባተኛው፣ በስምንተኛው፣ አንዳንዴም በዘጠነኛው ቀን ነው። ቫይረሱ ሲወርድ አይጧ ትብሳለች ማለት ነው። ያኔ ቁጭ ብዬ ቀን ቆጠርኩ። አይጧ በቫይረስ ተሞልታ በምትገኝበት ሰሞን እትዬ ዳማከሴ ላይ ነበሩ። በምትከሳበት ሰሞን ጽዮን ማርያም ላይ። የሰውና የአይጥ ቀን በትክክል አይገጥምም፤ ቫይረሱም የገባባቸው ሳያማቸው ቀደም ብሎ ነው። ቢሆንም ማሰቡን መተው አልቻልኩም።

ቫይረሱ እየሄደ ሳምባው ለምን ይብሳል?

የሰው ሳምባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች አሉ። ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ ይባላል። እኔና ቤተሰቤ ከምንኖርበት ቤት ይሰፋል። ግድግዳቸው ከፀጉር እጅግ ይቀጥናል፤ በአንድ በኩል አየር፣ በሌላው በኩል ደም። ከረጢቷ ውስጧ እርጥብ ናት። እርጥብ ፌስታል ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል፤ ሁለቱ ገጽ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ሳምባ ይህን የሚያመልጠው በሳሙና ነው። ከከረጢቷ ግድግዳ ላይ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ነገር ያመነጫሉ። በዚያ ምክንያት ከረጢቷ በየትንፋሹ በቀላሉ ትከፈታለች። እነዚሁ ሕዋሳት ሌላም ሥራ አላቸው። ግድግዳው ሲጎዳ ተባዝተው ይጠግኑታል። ሳሙናውም ግንበኛውም እነሱ ናቸው።

ኢንፍሉዌንዛ ከጉሮሮና ከቧንቧው አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ከሚገድላቸው መካከል እነዚህ ሕዋሳት አሉ። ሳሙናው ያንሳል። ግንበኛው ይሞታል። ግድግዳው ይቀደድና ከደም በኩል ውሃና ፕሮቲን ይሾልካል። አይጧ ስትሞት ሳምባዋ ወጥቶ ይመዘናል፤ ከዚያ እስኪደርቅ ተጠብቆ እንደገና ይመዘናል። በመካከል የጠፋው ውሃ ነው። የታመመችው አይጥ ሳምባ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ያህል ይከብዳል። ሕመሙ በጣም ሲበረታ ደግሞ የሾለከው ፕሮቲንና የሞተው ሕዋስ ከረጢቶቹን ከውስጥ ይለብጣቸዋል፤ ወተት ላይ እንደሚጋገር ስልባቦት። በዚያ ላይ አየር ቢገባም ወደ ደም አያልፍም።

ይህ ገና ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የራሳችን ሥራ ነው። በቫይረሱ የተያዙት ሕዋሳት ይጮሃሉ፤ ማለቴ በደም በኩል የድረሱልን መልእክት ይልካሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። ለቅሶ ቤት አስቡ። ሁሉም የመጣው ለመርዳት ነው። ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ድንኳን ሳይተከል ሰፈሩ በሙሉ ሳሎን ውስጥ ቢገባ ሟቹ ቀርቶ አልቃሹ ይታፈናል። ሳምባ ድንኳን የለውም። የመጡት ሕዋሳት ቫይረሱን ለማጥፋት የሚረጩት መርዝ የገዛ ግድግዳውን ይበላዋል።

ታዲያ ለምን አይከለከሉም? ተሞክሯል። ሞኖሳይት የሚባሉት ወደ ሳምባ እንዳይጎርፉ ሆነው በተፈጠሩ አይጦች ላይ ሞት ቀነሰ። እሰይ ሊባል ሲል፣ ሌሎች ሰዎች ኒውትሮፊል የሚባሉትን ሙልጭ አድርገው ሲያጠፉ አይጦቹ ባሰባቸው። ለቅሶ ደራሹ ሲበዛ ያፍናል፣ ጨርሶ ከቀረም ቤቱ ይፈርሳል። እዚህ ላይ ነው የመድኃኒቱ ነገር ከባድ የሚሆነው።

እትዬን የጣላቸው ግን ቫይረሱ ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ ያለኝም ይህንኑ ነው። በር ተከፍቶ ሌላ ገባ።

ታሪኩ ከአይጥ በፊት ከአሳማ ይጀምራል። በ1931 ሪቻርድ ሾፕ የተባለ አሜሪካዊ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ላይ ያደረገውን ሥራ አሳተመ። ተጣርቶ ባክቴሪያ የሌለበት ፈሳሽ ለአሳማ ሲሰጥ ሕመሙ ቀለል አለ። ባክቴሪያው ብቻውን ሲሰጥ ምንም አላመጣም። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ከባዱ ሳምባ ምች መጣ። ይህን ተማሪ ሆኜ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። አምስት ማርክ ያገኘሁበት ይመስለኛል።

በ2002 ደግሞ ከአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ የወጣ አንድ ጥናት አለ። አይጦቹን በፒአር ስምንት ያዟቸው። ከሰባት ቀን በኋላ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖረውን ባክቴሪያ ሰጧቸው። ሁሉም ሞቱ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ባክቴሪያውን ቀድመው ሲሰጡ ግን እንዲህ አልሆነም። ሰባት ቀን! ኮሪደሩ ላይ ተነስቼ ቆምኩ። የአንድ አስታማሚ ባልዲ በእግሬ መትቼ ውሃውን ደፋሁት።

ለምን ሰባተኛው ቀን? አንደኛ፣ ቫይረሱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ለመውጣት የሚጠቀምበት መቀስ አለው፤ ኒውራሚኒዴዝ ይባላል። በዚያ መቀስ የቧንቧውን ገጽ የሸፈኑ ስኳሮችን ሲቆርጥ ባክቴሪያው የሚይዘው እጀታ ያገኛል። ሁለተኛ፣ የአየር ከረጢቶቹን በየቀኑ የሚጠርጉ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ አቧራም ባክቴሪያም ለቅመው ይበላሉ። በአንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች ላይ በሳምንቱ ገደማ አብዛኞቹ አልቀው ይገኛሉ። የተረፉትም ሥራቸውን ይዘነጋሉ፤ ሰውነት ቫይረሱን ለማባረር የላከው ምልክት ራሱ የመጥረግ ጉልበታቸውን ያደክመዋል። ስለዚህ ቫይረሱ እየተሸነፈ ባለበት ሰሞን ቤቱ ጠራጊ የለውም።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው የሚሰማው መሻል ነው። ትኩሳቱ ጠፍቷል። ሽሮ ይጥማል። ሊቀ መንበር ይናፍቃል።

አይጥን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ። አብዛኞቹ የላብራቶሪ አይጦች ኢንፍሉዌንዛን የሚከላከለው ኤምኤክስ አንድ የሚባል ጂን ተበላሽቶባቸዋል፤ የዱር ዘመዶቻቸው ከነሱ ይሻላሉ። አይጥ ለአይጥም በደንብ አታስተላልፍም። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶቹ ፌሬት የሚባል፣ ሙጭልጭላ የሚመስል ረዥም እንስሳ የሚያስቀምጡት። ለንደን ውስጥ ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በ1933 ያገኙት በፌሬት ነው። ከታማሚ ጉሮሮ የታጠበውን ውሃ አፍንጫው ላይ ጠብ አደረጉበት፤ አተኮሰው፣ አስነጠሰው። የፌሬት የመተንፈሻ ቧንቧ ቫይረሱን የሚቀበልበት መንገድ ከኛ ጋር ይመሳሰላል። በ1936 ደግሞ አንድ የታመመ ፌሬት ስቱዋርት ሃሪስ የሚባለው ተመራማሪ ፊት ላይ አስነጠሰ። ተመራማሪው ታመመ፣ ቫይረሱም ከሱ ተገኘ። ለሳይንስ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ለሰውዬው መጥፎ ሳምንት።

ወደ ኅዳር ጭስ ልመለስ። ያ ጭስ የዚሁ በሽታ ትዝታ ነው። በኅዳር 1911፣ በፈረንጆቹ 1918፣ ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ፤ ቀባሪ ጠፋ። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ሰዉም በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ማቃጠሉን ያዘ። ያ ቫይረስ ለብዙ ዘመን የጠፋ መስሎ ነበር። ዮሃን ሁልቲን የሚባል ሰው በ1951 አላስካ ውስጥ ብሬቪግ ሚሽን በተባለች መንደር፣ በረዶ ውስጥ ከተቀበሩ ሬሳዎች ሳምባ ቆርጦ ወሰደ። ፌሬቶች አፍንጫ ላይ ቢያደርገውም ምንም አልበቀለም። በ1997፣ በ72 ዓመቱ፣ ተመልሶ ሄዶ እንደገና ቆፈረ። በዚህኛው ጊዜ ከሳምባው የቫይረሱ ጂን ተነበበ። በ2005 ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ተሠርቶ ለአይጦች ተሰጠ። በአራተኛው ቀን ሳምባቸው ውስጥ የተገኘው ቫይረስ ለማነጻጸሪያ ከቀረበው ተራ የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ 39,000 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በስድስት ቀን ውስጥ አንድም አልተረፈም። ሰው ለምን ይህን መልሶ ይሠራል የሚል ጥያቄ አለኝ፤ አሁንም አልለቀቀኝም። ግን በዚያው በ1918 ከሞቱት ሰዎች ሳምባ ተቀምጦ የኖረው ሲመረመር አብዛኞቹን ጨርሶ የገደላቸው ተከትሎ የመጣው ባክቴሪያ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን ፔኒሲሊን አልነበራቸውም። ጭስ ነበራቸው።

እትዬ አሥር ቀን ተኝተው ወጡ። መርፌው ያዘላቸው። እዚህ ጋ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። እስከ ገና በዓል ድረስ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለችውን ዳገት፣ ድሮ ቅርጫት ተሸክመው የሚወጧትን፣ ሁለት ጊዜ ቆመው ነው የወጧት። «እርጅና ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ አይጦቹን አስባለሁ። በክፉ ተይዘው የተረፉ አይጦች ሳምባቸው ከሳምንታት በኋላ ሲታይ ቀዳዳው ተደፍኗል። የደፈኑት ግን ከላይ ከቧንቧው በኩል ወርደው የመጡ ሕዋሳት ናቸው። ቦታውን ይሞሉታል፣ ደም ግን ከአየር ጋር አያገናኙም። ለወራት እንደዚያው ይቀመጣሉ። ጣና ላይ እምቦጭ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከሩቅ ለምለም መስክ ነው። ታንኳ ግን አያልፍበትም። የእትዬን ሳምባ ከፍቼ አላየሁም፤ ራጃቸው ጠርቷል ተብሏል። ድካሙም በየሳምንቱ እየቀነሰ ነው።

በጥር አጋማሽ ወደ ሐይቁ ተመለሱ። አንድ ጠዋት አብሬያቸው ወረድኩ። ውሃው ላይ ዳክዬዎች ነበሩ፤ ከሰሜን የበጋውን ወራት ሊያሳልፉ የመጡም አሉባቸው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የጥንት ቤቱ እንደነዚህ ያሉ የውሃ ወፎች ናቸው አልኳቸው። አብዛኛው ዓይነት በዳክዬዋ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ሳያማት በኩሷ ወደ ውሃ ይወጣል፣ ሌላዋ ዳክዬ ትጠጣዋለች። እዚያ ሰላማዊ ነው። ሳምባ የሚያቃጥለው ቤቱን ለቆ ሌላ ዘንድ ሲሄድ ነው።

እትዬ ፔሊካኖቹን በጥርጣሬ አዩ።

«ታዲያ ሊቀ መንበር ነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ። የእርስዎማ ከሰው ነው የመጣው። ከቤት።»

«እንዲያ በል።» አንድ አምባዛ አንስተው ቆዳውን መግፈፍ ጀመሩ። እኔም ያነበብኩትን ሳወራላቸው ቆየሁ። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሰባተኛው ቀን፣ ስለ ሳሙናው። ሳሙናው አሳቃቸው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ትንሽ ጠበቅን።

«ያቺ አይጥስ?» አሉ፣ ሳሉ ሲተዋቸው።

«የቷ?»

«የተረፈችው ናታ። በኋላ ደህና ሆነች ወይስ እንደኔ ዳገት ያደክማታል?»

«ገደሏት እትዬ።»

«ተርፋ?»

«ሳምባዋን ለማየት ሌላ መንገድ የለም።»

ቢላው ቆመ። ውሃውን ጥቂት አዩ። ከዚያ ከአምባዛው ወገብ ላይ ጥሩ ቁራጭ፣ ለገበያ የሚሆን ሥጋ፣ ቆርጠው ወደ ሐይቁ ወረወሩ። ሊቀ መንበር ሌሎቹን ገፍቶ ቀድሞ ደረሰ።